ስፍር ቁጥር የሌለው ሲቆጠር

 

አባቴ ከብት ሲቆጠር አይወድም ነበር። እኛ ልጆቹ ማታ ማታ በረቱ ደጃፍ ቆመን ጣታችንን እየቀሰርን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስንል ከሰማ ይቆጣል። «በረካውን ታነሱታላችሁ! የአላህ ሲሳይ በጣት አይቆጠርም» ይለናል። ሆኖም ከመንጋው አንዲት ላም የጎደለች እንደሆነ ከሁላችንም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነበር። በረቱን ሳይዘጋ ቆም ይልና «ዳለቻ የታለች?» ይላል። ሳይቆጥር እንዴት እንደሚያውቅ ያን ጊዜ አይገባኝም ነበር። ለካ ቁጥሩን ባይዝም እያንዳንዷን በመልኳና በስሟ ይዟት ኖሯል።

ይህንን የልጅነት ትዝታ የቀሰቀሰብኝ ከወደ ሰሜን ካናዳ በስልክ የመጣ ጥያቄ ነው። የእህቴ ልጅ የሎውናይፍ በምትባል ከተማ ታክሲ ይነዳል፤ የስሟ ትርጉም «ቢጫ ቢላዋ» ማለት ነው። በዚያች ብርዳም ከተማ ታክሲ ከሚነዱት ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ናቸው። አንድ ምሽት የአገሩ ተወላጅ የሆኑ አንድ ሽማግሌ አሳፍሮ ሲሄድ ጨዋታ ይነሣል። ሽማግሌው በልጅነታቸው ካሪቡ የሚባለው የዱር አጋዘን በሰፈራቸው በኩል ሲያልፍ መንጋው ለቀናት እንደማያቋርጥ፣ አሁን ግን እንኳን ሊያድኑት ሊያዩትም እንደናፈቁ ነገሩት። ልጁ ይህንን ካጫወተኝ በኋላ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «አጎቴ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ሲኖርበት የቆየውን አደን ተው ቢባል፣ ተው ያሰኘውም አንድ ቁጥር ብቻ ቢሆን፣ ያንን ቁጥር ማመን አለበት?»

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። የማላውቀውን ነገር ከመፍረድ ዝም ማለት ይሻላል ብዬ ጽሑፎች እንዲልክልኝ ለመንሁት። እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ጎረቤቴ እየረዳኝ ለወራት አነበብሁ። ውድ አንባቢ፣ ያገኘሁትን ላካፍልህና ፍርዱን አብረን እንስጥ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ እንስሳውን እንወቀው። በሰሜን አሜሪካ ካሪቡ፣ በአውሮፓና በሩሲያ ሬንዲር የሚባለው አጋዘን ዘሩ አንድ ነው። ከአጋዘን ወገን ሁሉ ሴቷም እንደ ወንዱ ቀንድ የምታበቅለው በዚህ ዘር ብቻ ነው። ካሪቡ የሚለው ስም የመጣው ሚክማቅ ከሚባሉት የምሥራቅ ካናዳ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ሲሆን በረዶ የሚዝቅ ማለት ነው። ስም ግብርን ይገልጻል እንዲሉ፣ በረዷማውን ወራት የሚያሳልፈው በሰኮናው በረዶውን እየዛቀ፣ ከሥሩ ላይከን የሚባለውን የዛፍ ሽበት የመሰለ ግራጫ ነገር እየበላ ነው። ብርዱ ሊበርድ ሲል እርጉዞቹ እንስቶች ቀድመው ወደ ሰሜን ይነሣሉ። በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዘው ዛፍ ከማይበቅልበት ሜዳ ይደርሱና በሰኔ መጀመሪያ ገደማ፣ ጥቂት ቀናት ባልሞላ ልዩነት፣ ሁሉም አንድ ላይ ይወልዳሉ። ለመውለድ ወደዚያ ቀዝቃዛ ምድር መሄዳቸው ምን ቢሉ፣ ተኩላውም ተናካሹ ዝንብም በዚያ ስለሚያንስ ነው። ግልገሎቹ እግራቸው ሲጠና ደግሞ ለጋው ሣር ይደርስላቸዋል። ሱብሐነላህ!

የእህቴ ልጅ የጠየቀኝ ስለ አንድ መንጋ ነው። ባትኸርስት ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እንስቶቹ ከሚወልዱበት አቅራቢያ ካለው የባሕር ሰርጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሲቆጠር 470,000 ያህል ነበር። በ2009 ወደ 32,000 ወረደ። በ2015 ወደ 20,000፣ በ2018 ወደ 8,200 ወረደ፤ በ2021 በተደረገው ቆጠራ 6,240 ገደማ ብቻ ተገኘ። ይህ ማለት ከ75 አጋዘን የቀረው አንድ ብቻ ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ እንኳ አይደለም፤ ይህ የሆነው በ35 ዓመት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ፣ አንባቢ ሆይ፣ «ለመሆኑ ማን ቆጠራቸው?» ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። የሚቆጠሩት እንስቶቹ በሰኔ ለመውለድ ሲሰበሰቡ ነው። አውሮፕላኖች በመውለጃው ስፍራ ላይ እንደ ገበሬ ትልም ቀጥ ባለ መስመር እየተመላለሱ ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ከዚያም ሰዎች ተቀምጠው በፎቶግራፉ ላይ የሚታየውን አጋዘን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ከተቆጠሩት ውስጥ ስንቶቹ የወለዱ ወይም ለመውለድ የደረሱ እንስቶች እንደሆኑ ቀረብ ብለው የሚያጣሩ ሌሎች አሉ። በመከር ወራት ደግሞ ስንት ወንድ ለስንት ሴት እንደሆነ ይታያል። የጠቅላላው መንጋ ቁጥር የሚወጣው ይህ ሁሉ ተደምሮና ተሰልቶ ነው። ስለዚህ የሚነገረው ቁጥር ግምት ነው፤ ነገር ግን እንደ ገበያ ወሬ ያለ ግምት አይደለም። ስሕተቱ ወዲህና ወዲያ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል አብሮ ተነግሮ የሚወጣ ግምት ነው። ሌሎች መንጋዎችን በሐምሌ የሚቆጥሩም አሉ። ያን ጊዜ ቢንቢና ዝንብ ስለሚያስጨንቃቸው አጋዘኖቹ ነፋስ ወዳለበት ስፍራ ሸሽተው እርስ በርስ ይተፋፈጋሉ፤ የአጋዘኑ ጠላት ለቆጣሪው ረዳት ይሆናል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጠቡ እንምጣ። በ2010 መጀመሪያ የኖርዝዌስት ተሪቶሪስ መንግሥት መንጋው በብርድ ወራት በሚሰማራበት አገር ማንም ካሪቡ እንዳያድን ከለከለ። በዚያ አገር ትሊቾ የሚባሉ የዴኔ ወገን የሆኑ ነባር ሕዝቦች ይኖራሉ። ለእነርሱ ካሪቡ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ልብሱም፣ ድንኳኑም፣ ክሩም፣ ልጅ የሚያስተምሩበት ተረትም ከእርሱ የወጣ ነው። ስለዚህ ቁጣው ከባድ ሆነ። «ሳታማክሩን እንዴት ትከለክሉናላችሁ? በውል የጸና መብታችን ነው» አሉ። ብዙዎችም «ካሪቡ አላለቀም፤ ሌላ ስፍራ ሄዶ ነው» አሉ። መንጋውን ለመከታተል በአጋዘን አንገት ላይ የሚታሰረውን፣ ያለበትን ስፍራ በሳተላይት የሚናገረውን ማሰሪያም ያልወደዱ ሽማግሌዎች ነበሩ። በእነርሱ ዘንድ ካሪቡ ክብር ይፈልጋል፤ በዱላ ከመቱት እንኳ አገር ጥሎ ይሄዳል ይባላል።

መጀመሪያ ሳነብ በልቤ በሽማግሌዎቹ ላይ ፈርጄ ነበር። «ቁጥሩ እየታየ እንዴት ይክዳሉ?» አልሁ። ኋላ ግን አባቴ ትዝ አለኝ። በጣት የሚቆጥረውን ልጅ የሚቆጣው አባቴ ከብቶቹን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እነዚያ ሽማግሌዎችም እንደዚሁ ናቸው። የካሪቡን ጉዞ፣ የስቡን ውፍረት፣ የመቅኑን መልክ አይተው ዓመቱ ደግ ይሁን ክፉ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። «ሌላ ስፍራ ሄዶ ነው» ማለታቸውም ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። በኋለኞቹ ዓመታት ማሰሪያ ከተደረገላቸው የባትኸርስት እንስቶች ጥቂቶቹ ወደ ምሥራቅ ተሻግረው ከሌላ መንጋ ጋር ሲወልዱ ታይተዋል። ሆኖም ይህ ከ470,000 ወደ 6,240 የወረደውን ሁሉ አይሸፍነውም። ሽማግሌዎቹ እውነት ይዘዋል፤ ቆጣሪዎቹም እውነት ይዘዋል። የጎደለው ሁለቱ እውነቶች የሚገናኙበት ወንበር ነበር።

ያ ወንበር በስም ደረጃ ቀድሞም ነበር። የትሊቾ ሕዝብ ከመንግሥት ጋር ያደረገው ስምምነት በ2005 ሲጸና አባላቱን ትሊቾዎችና መንግሥት እኩል የሚመርጡት የአስተዳደር ቦርድ ተቋቁሞ ነበር። ከጠቡ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ተነጋግረው በዓመት 300 ካሪቡ ብቻ እንዲታደን ተስማሙ። ቁጥሩ ወርዶ 20,000 ሲደርስ ግን ያም ቀረ። ከ2015 ወዲህ በዚያ ተሪቶሪ ውስጥ ከዚህ መንጋ አንድም እንዳይታደን ተባለ።

ክልከላው የሚፈጸምበትን መንገድ ሳነብ እጅግ ተደነቅሁ። ኪታብ የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በኢሕራም ላይ ያለ ሰው የየብስ አውሬ አያድንም፤ በመካ ሐረም ወሰን ውስጥም አውሬ አይታደንም፣ አይደነብርም። ያ ወሰን ግን የታወቀና የማይንቀሳቀስ ነው። የእነዚህ ሰዎች ወሰን ይራመዳል። ማሰሪያ የተደረገላቸው አጋዘኖች የት እንዳሉ በሳተላይት ይታወቃል፤ በእነርሱ ዙሪያ የክልከላ መስመር ተሰምሮ ካርታው ለሕዝብ ይሰጣል። መንጋው ሲሄድ መስመሩም አብሮት ይሄዳል፤ አዲስ ካርታ ይወጣል። አዳኙም ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ካርታውን ማየት አለበት። በበረዶ መንገዱ ላይ ኬላ አለ፤ ከአየርም ይጠበቃል። ያም ሆኖ ጥሰቱ አልጠፋም፤ ሰው ሰው ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው ጠመንጃውን ሰቅሎ፣ በአቅራቢያው ሥጋ እያለ ከሱቅ ገዝቶ መብላቱ ቀላል ነገር አይደለም። የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ በዚያ አገር የሱቅ ሥጋ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም።

ትሊቾዎች ግን «ተው» ስለተባሉ ብቻ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከ2016 ጀምሮ በየበጋው ሽማግሌዎችና ወጣቶች አንድ ላይ ሆነው ኮንትዎይቶ በሚባል ትልቅ ሐይቅ ዳር ይሰፍራሉ። ጠመንጃ የያዙ እንደሆነ ለድብ መከላከያ ነው። በጀልባና በእግር እየሄዱ፣ ኮረብታ ላይ ተቀምጠው፣ መንጋውን ይመለከታሉ። የምታነክስ አለች? ግልገሎቹ ወፍረዋል? ተኩላ አለ? ሣሩ ደርቋል? ቢንቢው በዝቷል? ያዩትን ሁሉ ይጽፋሉ። አውሮፕላኑ ስንት እንደሆኑ ይናገራል፤ እነዚህ ደግሞ እንዴት እንደሆኑ ይናገራሉ። አባቴ ይህንን ቢሰማ «ይኼስ እረኝነት ነው» ይል ነበር።

ለመሆኑ መንጋውን ያመነመነው ምንድን ነው? አንድ ጥፋተኛ ቢገኝ ነገሩ በቀለለ ነበር። በመንጋው መሰማሪያ ላይ ከ1998 ጀምሮ የአልማዝ ማዕድን ማውጫዎች ተከፍተዋል፤ አጋዘኖቹ ከአቧራውና ከመኪናው ድምፅ ይሸሻሉ። በረዶ ላይ የተሠራው መንገድ ቀድሞ የማይደረስበትን አገር ለአዳኝ አቀረበ። ተኩላም አለ፤ በ2020 መንግሥቱና ትሊቾዎች ተኩላ ለመቀነስ ሥራ ጀምረዋል። የካሪቡ መንጋ ድሮም በአሥርት ዓመታት ውስጥ የሚበዛበትና የሚያንስበት ጊዜ እንዳለው ሽማግሌዎችም ሊቃውንትም ይናገራሉ። አሁን ግን ሲያንስ ተመልሶ እንዲነሣ የሚረዳው ምድር እየተለወጠ ነው። በጋው ሲሞቅ ተናካሹ ዝንብ ይበዛል፤ አጋዘኑም መብላቱን ትቶ ሲሮጥ ይውላል። በብርድ ወራት ደግሞ በረዶ መውረድ ሲገባው ዝናብ ይዘንብና ወዲያው ይረጋል፤ መሬቱ በመስተዋት እንደተሸፈነ ይሆናል፤ በረዶ ዛቂው እንስሳ ሊዝቀው የማይችለው ይህን ብቻ ነው። በሩሲያ ያማል በሚባለው ልሳነ ምድር በ2013 መጨረሻ እንዲህ ያለ ዝናብ ዘንቦ ሰው የሚያግዳቸው 61,000 ያህል ሬንዲሮች ምግባቸው ከእግራቸው ሥር እያለ በረሃብ አለቁ።

እሳቱም አለ። በ2014 በኖርዝዌስት ተሪቶሪስ ከ3 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ምድር ተቃጠለ። በነሐሴ 2023 ደግሞ እሳቱ ወደ የሎውናይፍ ስለቀረበ 20,000 ያህሉ የከተማው ሕዝብ ውጣ ተባለ። የእህቴ ልጅ ሦስት ጓደኞቹን ጭኖ በጢስ መካከል ሌሊቱን ሙሉ ወደ ደቡብ ሲነዳ አደረ። ያን ሌሊት እናቱም እኔም እንቅልፍ አልወሰደንም፤ ዱዓ ስናደርግ አነጋን። ኋላ በደህና ሲደውል «አጎቴ፣ እኛስ መንገድ ነበረን፤ ካሪቡ በብርድ ጊዜ ሊበላው የነበረው ግን ተቃጥሎ ቀረ» አለኝ። እውነቱን ነው። የተቃጠለ ላይከን መልሶ ለመንጋ የሚበቃው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ይህ የአንድ መንጋ ታሪክ ብቻ አይደለም። በምሥራቅ ካናዳ የጆርጅ ወንዝ መንጋ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 800,000 ይጠጋ ነበር፤ በ2020 የተገኘው 8,100 ያህል ነው። በ2024 የወጣው የአርክቲክ ዓመታዊ ዘገባም በአርክቲክ የሚሰደዱት የቱንድራ መንጋዎች ባለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት በጠቅላላው በ65 በመቶ እንደቀነሱ ተናግሯል። ሆኖም ቁጥር ሁልጊዜ መርዶ ነጋሪ አይደለም። በአላስካና በካናዳ ወሰን ላይ የሚመላለሰው ፖርኪዩፓይን የሚባለው መንጋ በ2017 ሲቆጠር 218,000 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ በመንጋው ቆጠራ ታሪክ ከፍተኛው ነበር። ለዚህ መንጋ በካናዳ በኩል ነባር ሕዝቦችና መንግሥት አብረው የሚቀመጡበት ቦርድ የቆመው በ1985 ነው፤ ሁለቱ አገሮችም በ1987 ተዋውለዋል። መንጋው የበዛው በወንበሩ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም። የተነጋገሩት ግን መንጋው ሳያልቅ ነው።

አሁን፣ ውድ አንባቢ፣ የራሴን ጉድ ልናገር። እኔ የማስተምርበት መድረሳ አንድ ጊዜ ደረሳው ሞልቶ ምንጣፉ አይበቃም ነበር። እንግዳ ሲመጣ «ደረሳችን ስፍር ቁጥር የለውም» እያልሁ እኩራራ ነበር። ስለዚህም ስም መጥራት ተውሁ፤ ለምን ልድከም? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምንጣፉ እየሰፋ መጣ። ጓደኛዬ «ልጆቹ አንሰዋል» ሲለኝ «ሌላ መድረሳ ገብተው ይሆናል» አልሁት። ሌላው መድረሳ ያለውም አስተማሪ ለካ ይህንኑ ይል ኖሯል። አንድ ቀን ተቀምጬ ስቆጥር ከ60 በላይ ከነበሩት 23 ቀርተዋል። የጎደሉትን ቤት ለቤት ስፈልግ ከፊሎቹ ለሥራ ከተማ ገብተዋል፤ ከፊሎቹ በባሕር በኩል ዐረብ አገር ለመድረስ መንገድ ወጥተዋል፤ ከአንደኛው ደግሞ እስከ ዛሬ ወሬ የለም። እናቱ የሄደበትን ወር ነገረችኝ። እኔ በዚያ ወር መጉደሉን እንኳ አላወቅሁም ነበር። አባቴ አንዲት ላም ብትቀር በሩን አይዘጋም ነበር፤ እኔ ግን የሰው ልጅ ጎድሎ በሩን ዘግቼ ተኝቻለሁ።

«ካሪቡ ሌላ ስፍራ ሄዶ ነው» ባሉት ሽማግሌዎች ላይ የፈረድሁበት አፌ የተዘጋው ያን ጊዜ ነው። ሰው የሚወደው ነገር ማለቁን ማመን ይከብደዋል። ቁጥሩን የሚክደው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ካመነ አንድ ነገር ማድረግ ስለሚኖርበት ነው። ትሊቾዎችን ያከበርኋቸው ለዚህ ነው። ቁጥሩን ተከራከሩት፤ ቆጣሪውን ወንበር ላይ አስቀምጠው መረመሩት፤ በእግራቸው ሄደው በዓይናቸው አዩት። ካዩ በኋላም የሚከፈለውን ዋጋ ከፈሉ፤ ልጆቻቸውን መንጋውን ለማየት ይዘዋቸው ወጡ እንጂ «አልቋል» ብለው አልተዉትም።

ለእህቴ ልጅ በመጨረሻ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ «ልጄ፣ ቁጥር እንደ ምስክር ነው። ምስክር ሲመጣ ዝም ብለህ አትቀበለውም፤ ዝም ብለህም አታባርረውም። እንዴት እንዳየ፣ የት ቆሞ እንዳየ ትጠይቀዋለህ። የቆጠሩትንም ያገዱትንም አንድ ላይ አስቀምጠህ ትሰማለህ። ምስክርነቱ ከጸና ግን፣ በራስህ ላይ ቢፈርድም ትቀበለዋለህ።» ልጁ ትንሽ ዝም አለና «ሽማግሌውን ደግሜ ካገኘኋቸው እነግራቸዋለሁ» አለኝ። እኔም «አትንገራቸው፤ እሳቸው ከእኛ በፊት ያውቁታል። ይልቅ ስለ ካሪቡ ያጫውቱህ» አልሁት።

ሰማዩን ማብረድ ለአንድ ቦርድ፣ ለአንድ ጎሣ፣ ለአንድ መምህርም አይቻለውም። ዝናቡን በረዶ አድርጎ የሚያወርድ አላህ ነው። በእጃችን ያለው አማና ግን ሌላ ነው፤ ስንት እንደቀረ ማወቅ፣ እንዴት እንዳለ ማየት፣ እስኪነሣ ድረስ እጅን መሰብሰብ ነው። አባቴም የፈራው መቁጠሩን አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ ቆጥረን ብቻ እንዳንተው ነው የፈራው።

እኔ ዛሬ በየጧቱ ስም እጠራለሁ። አንተም፣ አንባቢ ሆይ፣ «ስፍር ቁጥር የለውም» የምትለው ነገር በእጅህ ካለ፣ መንጋ ይሁን፣ ደረሳ ይሁን፣ የጎረቤት ልጅ ይሁን፣ ዛሬ ማታ በሩን ከመዝጋትህ በፊት ቆም በልና «ማን ጎደለ?» ብለህ ጠይቅ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።